ዱላው ሲወርድ የት ነበሩ?

የጎልፍ ተጫዋች ስለ ምቱ ሲጠየቅ የሚሰጠውን ቃል ፖሊስ ጣቢያ ቢሰጠው ማንም አያምነውም። «ኳሱ ፊት ቆምኩ። እግሬን አስተካከልኩ። ዱላውን ወደ ኋላ አነሣሁ፤ ትከሻዬ ዞረ፤ ግራ ክንዴ ቀጥ እንዳለ ነበር። እስከዚህ ድረስ ሁሉንም አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም። ቀና ስል ኳሱ ዛፍ ውስጥ ገብቷል።» መርማሪው «ታዲያ ማን መታው?» ቢል መልስ የለም። ዱላው በእጁ ነው፤ ጓንቲው የራሱ ነው፤ አብረውት የሚጫወቱት ሦስቱም በዓይናቸው አይተዋል። ሰውየው ግን ምቱ በተፈጸመበት ሰዓት በቦታው አልነበርኩም ነው የሚለው። የሚገርመው ደግሞ እውነቱን ነው።

ይህን ቃል ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ፤ እንደ ጋሼ አሳምሮ የሚሰጠው ግን አላጋጠመኝም። ጋሼ የዕድሜያቸውን ግማሽ አሜሪካ የኖሩ፣ ጡረታ ሲወጡ ልጆቻቸው የጎልፍ ዱላ የገዙላቸው ሰው ናቸው። ስማቸውን እዚህ ብጽፍ ቅዳሜ መኪናቸው ላይ አያሳፍሩኝም። የምንጫወተው ዋሽንግተን ውስጥ፣ አናኮስቲያ ወንዝ አጠገብ ባለው ላንግስተን ሜዳ ነው። ጥቁር ተጫዋቾች በሌሎቹ ሜዳዎች እንደ ልባቸው መግባት ባልቻሉበት ዘመን፣ በ1939 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሜዳ ነው። ሌሎች ክብራቸውን ለማስመለስ በታገሉበት ሣር ላይ እኛ በየሳምንቱ ክብራችንን ጥለን እንመለሳለን።

ጋሼ ኳሱን ከመምታታቸው በፊት ለልምምድ አየር ይመታሉ። ያን ጊዜ ብታዩአቸው ፎቶ አንሺ ትጠሩ ነበር። ዱላው በእርጋታ ይወጣል፣ ላይ ትንሽ ያርፋል፣ ፉጨት እያሰማ ይወርዳል፤ መጨረሻ ላይ ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ ክብደታቸውን ግራ እግራቸው ላይ ጥለው፣ ሩቅ እያዩ ይቆማሉ። ከዚያ ወደ ኳሱ አንድ እርምጃ ይጠጋሉ። በዚያች እርምጃ ሌላ ሰው ይሆናሉ። መንጋጋቸው ይጠብቃል፣ የዱላው እጀታ እጃቸው ውስጥ ይታነቃል፣ ከዚያ ዱላው ወጣ ስንል ወርዷል፤ ሣሩ ተነቅሏል፣ ኳሱ ወደ ቀኝ ታጥፎ ጫካ ገብቷል።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት? አየሩን ሲመቱ እኮ ግሩም ነበር!»

«አየሩ የት ደረሰ ብሎ ማን ይጠይቀኛል?»

«እሺ፣ ሲወርድ ምን ተሰማዎት?»

«ላይ እስኪደርስ ነበርኩ። ሲወርድ የለሁም። ኳሱ ሲሄድ ተመለስኩ።»

ጋሼ የማይኖሩባት ያቺ ጊዜ ምን ያህል እንደምትረዝም የለካ ሰው አለ። ጆን ኖቮሰል የተባለ አሜሪካዊ የታላላቅ ተጫዋቾችን ምት በቪዲዮ እያስቆመ ምስል በምስል ቆጠረና ያገኘውን በ2004 እ.ኤ.አ. «ቱር ቴምፖ» በተባለ መጽሐፍ አወጣው። በሴኮንድ 30 ምስል በሚያሳይ ቪዲዮ የአንዱ ዱላ ለመውጣት 27 ምስል ከፈጀ ለመውረድ 9 ይፈጃል፤ 24 ከሆነ 8፤ 21 ከሆነ 7። ፈጣኑም ዝግ የሚለውም ሦስት እጅ ለመውጣት፣ አንድ እጅ ለመውረድ ነው። 8 ምስል እንግዲህ ሩብ ሴኮንድ ገደማ መሆኑ ነው። በዚህች ሩብ ሴኮንድ የባለሙያው ዱላ ቆሞ ከነበረበት ተነሥቶ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ላይ ይደርሳል። ከ46 ግራም ከማትበልጠው ኳስ ጋር የሚነካካው ደግሞ ለግማሽ ሚሊሴኮንድ ገደማ ብቻ ነው። እኛ ሰኞ ቢሮ ገብተን ስለዚያች ግማሽ ሚሊሴኮንድ አንድ ሰዓት እናወራለን።

የሰው ዓይን አንድ ነገር አይቶ እጅ መልስ እስኪሰጥ ድረስ 0.2 ሴኮንድ ያህል ያልፋል፤ ይህም ሰውየው ደህና ተኝቶ ካደረ ነው። ስለዚህ ዱላው መውረድ ሲጀምር «አሃ፣ ጠማማ መንገድ ይዟል» ብሎ የነቃ አእምሮ፣ ትእዛዙን ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ወደ እጅ ሲልክ ኳሱ ሄዷል። ማስተካከያው የሚደርሰው ለሚቀጥለው ምት ነው። የሚቀጥለው ምት ላይ ደግሞ ጥፋቱ ሌላ ይሆናል፤ ለዚህ ነው ሰው በአንድ ከሰዓት ወደ ቀኝም ወደ ግራም የሚስተው።

በዚያች ሩብ ሴኮንድ ውስጥ መሆን ያለበትን አሠልጣኞች ሲያስረዱት ቀላል ይመስላል። ምቱ የሚጀምረው ከታች ነው። ዱላው ወደ ኋላ መውጣቱን ሳይጨርስ ክብደት ወደ ግራ እግር መሄድ ይጀምራል፤ ወገብ ይከተላል፤ ቀጥሎ ደረት፤ ቀጥሎ ክንድ፤ ዱላው መጨረሻ። በየተራቸው ከመጡ እያንዳንዱ ያገኘውን ጉልበት ለሚቀጥለው አቀብሎ ይቆማል። የእኛ ሰው ጋር ግን ተራ የሚባል ነገር የለም። ኳሱን ለመምታት የተጠራሁት እኔ ነኝ ብሎ መጀመሪያ የሚዘለው ቀኝ እጅ ነው። ቀኝ ትከሻ ወደ ፊት ይወረወራል፣ ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፣ ፊቱም ከመንገዱ ጋር አይስማማም፤ ኳሱ ወደ ቀኝ እየታጠፈ ይሄዳል። ወገብ የተነገረው ነገር ስለሌለ መጨረሻ ላይ ደርሶ ምን ነበር ይላል። መንገዱ በ5 ዲግሪ ብቻ ቢሳት 200 ሜትር ላይ 17 ሜትር ያህል ነው፤ 17 ሜትር ላንግስተን ላይ ሣርና ጫካ የሚለያዩበት ርቀት ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚመጣው ኳሱ ዝም ብሎ በመቀመጡ ነው ባይ ነኝ። ጎልፍን አገር ቤት ብዙዎቻችን የምናውቀው አዲስ አበባ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ባለው ክለብ አጥር ሥር በማለፍ ቢሆንም፣ ቆልማማ ዱላ ይዞ ኳስ መምታት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የገና ጨዋታ አለን። በገና ኳሷ ትሮጣለች፣ ሰው ይሮጣል፣ አቧራው ይነሣል፤ ቅልጥም የመመታት ሥጋትም አለ። በዚያ መሐል ቆሞ «ወገቤን ቀድሜ ላዙር ወይስ ክንዴን?» ያለ ልጅ አይቼ አላውቅም። ጊዜ የለውማ! የጎልፍ ኳስ ግን አትሸሽም፣ አትመጣም፣ አትቸኩልም። ሜዳው ዝም ብሏል፤ ጓደኞችህ አንተን አክብረው ትንፋሻቸውን ይዘዋል። የፈለግኸውን ያህል አስብ ተብለሃል። ይህ ፈቃድ ነው የሚገድለው። የሚንቀሳቀስ ኳስ ሰውን ከሐሳቡ ይነጥቀዋል፤ የቆመ ኳስ ግን ያለፈውን ስሕተት፣ የአሠልጣኙን ምክር፣ የዱላውን ዋጋ፣ ከኋላ የሚጠብቁትን ሰዎች ሁሉ አስታውሶ እንዲጨርስ ይታገሠዋል።

ይህን ነገር ከሚኒባስ ታክሲ የተሻለ የሚያስረዳልኝ አላገኘሁም። መኪናውን የሚነዳው ሾፌሩ ነው። መሪ ሲያዞር፣ ማርሽ ሲቀይር፣ ጉድጓድ ሲሸሽ አያወራም። የሚያወራው ረዳቱ ነው፤ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሰፈር ይጠራል፣ ሒሳብ ይቀበላል፣ ከተሳፋሪ ይጣላል። ሩቅ ሆኖ ለሚሰማ ሰው መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው የረዳቱ ጩኸት ሊመስለው ይችላል። እኛም ስለራሳችን የምናውቀው የረዳቱን ድምፅ ስለሆነ ዱላውን የምነዳው እኔ ነኝ ብለን እናምናለን። ዱላው ሲወጣ ቀስ ስለሚል ረዳቱ ሁሉንም ይዘግባል። ሲወርድ ግን ፍጥነቱ ከአፉ ይቀድመዋልና ዝም ይላል። ጋሼ «የለሁም» የሚሉት ረዳታቸው ዝም ስላለ ነው፤ ሾፌሩማ አለ። ችግሩ፣ ረዳቱ ዝም ከማለቱ በፊት ላይ ላይ ሳለ በድንጋጤ «ምታው!» ብሎ መጮኹ ነው።

አንዳንዱ ረዳት ደግሞ መኪናው በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ «ወራጅ አለ!» ይላል። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን ቻርልስ ባርክሌይን አስታውሱ። በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ ከአሜሪካው «ድሪም ቲም» ጋር ወርቅ የወሰደ፣ በሚቀጥለው ዓመት የኤንቢኤ ኮከብ ተጫዋች የተባለ ሰው ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ግዙፎች መሐል ዘሎ ኳስ ሲነጥቅ ሰውነቱ ታዝዞለታል። ጎልፍ ሜዳ ላይ ግን ዱላው መውረድ ጀምሮ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ ይል፣ ሰውነቱ ይርገፈገፍ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ይቀጥል ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. የታይገር ዉድስ አሠልጣኝ የነበረው ሃንክ ሄኒ ሊያድነው ሞከረ፤ ሙከራው ራሱ የቴሌቪዥን ዝግጅት ሆነ። የዓለም ምርጡን ተጫዋች ያሠለጠነ ሰው የባርክሌይን ረዳት ዝም ማሰኘት አቃተው። ፍትሕ አለና ከዓመታት በኋላ ተሻለው፤ በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ከፊል ሚክልሰን ጋር ተጣምሮ ስቴፍ ከሪንና ፔይተን ማኒንግን ሲያሸንፍ እኔም ቤቴ ሆኜ አጨብጭቤያለሁ።

ታይገር ዉድስ ራሱ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ዱላው መውረድ ከጀመረ በኋላ የካሜራ ድምፅ ከሰማ መሐል ላይ ያስቆመው ነበር። ባርክሌይ ሳይፈልግ ያደርገው የነበረውን እሱ ፈልጎ ያደርገው ነበር። ይህን ያየ ሰው «አየህ፣ እሱ እየነቃ ነው የሚመታው» ይላል። እኔ እንደዚያ አልገባኝም። እሱ ያስቆመዋል እንጂ እየወረደ አያርመውም። ወገብ ትንሽ ቀደም፣ እጅ ትንሽ ዘግየት ሲል አላየንም፤ ወይ ይሄዳል ወይ ይቆማል። ፍሬን አለው ማለት ነው፤ ፍሬኑን የረገጠውም ሾፌሩ ነው።

ጋሼን ያጽናናቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ሲያን ቤይሎክና ቶማስ ካር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ጎበዝ የጎልፍ ተጫዋቾችንና ጀማሪዎችን ኳስ ወደ ጉድጓድ እንዲገፉ አደረጉና ቀጥሎ «አሁን የመታኸውን ንገረኝ» አሏቸው። ጀማሪዎቹ ብዙ አስታወሱ። ጎበዞቹ ስለ ጨዋታው በጠቅላላ ሲናገሩ ሊቅ ናቸው፤ አሁን ስለመቱት ስለዚያ ምት ግን የሚሉት ጥቂት ሆነ። ከዚያ ጠማማና ክብደቱ የተዛባ ዱላ ቢሰጧቸው ጎበዞቹም ማስታወስ ጀመሩ። እጅ የሚያውቀውን ሥራ ሲሠራ ጭንቅላት መዝገብ አይከፍትም ማለት ነው። በኋላ የወጡ የቤይሎክ ሥራዎች ደግሞ ልምድ ያለው ተጫዋች ምቱን እየተከታተለ እንዲመታ ሲታዘዝ ሐሳቡን ሌላ ነገር ላይ ካደረገበት ጊዜ የባሰ እንደሚስት አሳይተዋል።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

«እና የማላስታውሰው ጎበዝ ስለሆንኩ ነዋ!»

«እንደዚያ እንኳ አይልም ጋሼ።»

«አንተ ምቀኛ ነህ።»

ባዶነቱ አንድ ዓይነት ቢመስልም አንድ እንዳልሆነ እንዴት እንደምነግራቸው ቸገረኝ። ጎበዙ የሚሄደው አደራውን ለሚያውቅ እጅ ሰጥቶ ነው፤ እኛ የምንሄደው ደንግጠን ነው። ኳስ የሚያቀናው ንቃት ቢሆን ኖሮ «አይረን ባይረን» የሚባለው ማሽን አንድም ኳስ ባላቀና ነበር። ማሽኑ በ1945 እ.ኤ.አ. 11 ውድድሮችን በተከታታይ ባሸነፈው በባይረን ኔልሰን የአመታት ስልት የተቀረጸ ነው፤ ኳስና ዱላ ለመፈተን ቀኑን ሙሉ ሲመታ ይውላል። ምንም አያስታውስም፣ ምንም አይፈራም፣ ሁሉንም እዚያው ቦታ ይጥላል።

ቀልዱን ትተን፣ ስለ ምቱ ማሰብ የሰው እንጀራ የወሰደበት ጊዜ አለ። አውስትራሊያዊው ኢያን ቤከር-ፊንች በ1991 እ.ኤ.አ. ሮያል በርክዴል ላይ ብሪቲሽ ኦፕንን ያሸነፈ ተጫዋች ነበር። ከዚያ ምቱን ጥቂት ላሻሽል ብሎ መነካካት ጀመረ። በ1995 እ.ኤ.አ. ሴንት አንድሩስ ላይ፣ አርኖልድ ፓልመር አጠገቡ ቆሞ፣ የመጀመሪያውን ኳስ ወደ ግራ ከሜዳው አስወጣው። የዚያ የመጀመሪያው ጉድጓድ ሜዳ ከ18ኛው ጋር የተያያዘ፣ በጎልፍ ዓለም ስፋቱ የሚወራለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሮያል ትሩን ላይ በ92 ምት ጨረሰና ከውድድሩ ወጣ፤ ከዚያ የቴሌቪዥን ተንታኝ ሆነ። ልምምድ ላይ እኮ ኳሱ ቀጥ ብሎ ይሄድለት ነበር። ወደ ቀኝ ከሚታጠፈው ከእኛ ኳስ ጋር አንድ ላይ ማንሣቱ ድፍረት ነው፤ እሱ የነበረውን ነው ያጣው፣ እኛ ያልነበረንን።

መድኃኒት ይሸጣል፤ ብዙ ዓይነት አለ። ቲሞቲ ጋልዌይ በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ዘ ኢነር ጌም ኦፍ ጎልፍ» መጽሐፉ ያመጣው ደስ ይለኛል፤ ዱላው ላይ ሲደርስ አንድ ቃል፣ ኳሱን ሲነካ ሌላ ቃል ድምፅ አውጥቶ መናገር ነው። ረዳቱ ሥራ ይሰጠዋል፤ ትእዛዝ ከማብዛት ይልቅ ዱላው የት እንደደረሰ ይጠራል። ጋብሪየል ዉልፍና ባልደረቦቿም በ1999 እ.ኤ.አ. ጀማሪዎችን አስለምደው፣ ሐሳባቸውን ክንዳቸው ላይ ካደረጉት ይልቅ የዱላው እንቅስቃሴ ላይ ያደረጉት የተሻለ እንዳነጣጠሩ ጽፈዋል።

ጋሼ የጋልዌይን ቃል ከኖቮሰል ቁጥር ጋር አዋሕደው የራሳቸውን አወጡ። ሲያነሡ «አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ»፤ ሲመቱ «አሜን»። ሦስት ለመውጣት አንድ ለመውረድ፤ ኖቮሰል ቢሰማ ያቅፋቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ሠራ። ኳሱ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ጎረቤት የሚለማመደው ሰውዬም ዞር ብሎ አየ። ቤት ሄደው ሲያወሩት ግን ባለቤታቸው «ስሙን ለኳስ ብለህ ነው የምትጠራው?» ብለው ተቆጡ። አሁን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… እንዲህ!» ይላሉ። «እንዲህ» እንደ «አሜን» አልሆነላቸውም፤ ከበፊቱ ግን ይሻላል።

እኔ የማምነው ይህን ያህል ነው፤ ዱላው ሲወርድ ልንቆጣጠረው አንችልም፣ ከመውረዱ በፊት ግን የምንወስነው አለ። የት እንደምንልከው፣ እጀታውን ምን ያህል እንደምንጨብጥ፣ ምን ያህል ጉልበት እንደምንሰጠው። በግማሽ ጉልበት ደጋግሞ የመታ ሰው በሩብ ሴኮንዷ ውስጥ ጥቂት ነገር እየተሰማው ይመጣል፤ የክብደቱ መዛወር፣ የዱላው መዘግየት። አንድ ነገር ብቻ ይበቃል። ኳሱ እስኪያርፍ ድረስ ሳይንገዳገዱ ግራ እግር ላይ መቆም መቻልም ጥሩ ምልክት ነው፤ መንገድ ላይ የሆነውን ባናውቅም በሰላም መድረሳችንን ያሳያል።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ልመና ግን አለኝ። ሜዳ ላይ አጠገብህ የቆመ ሰው ዱላውን ማንሣት ሲጀምር «ራስህን አታንሣ!»፣ «ወገብ! ወገብ!»፣ «ቀስ!» እያልክ አትጩኽበት። የራሱ ይበቃዋል። ምክር ካለህ ጨዋታው አልቆ ቡና ሲቀርብ ንገረው፤ ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ጠይቀው። ጋሼ አጠገብ ከቆምክ ደግሞ በስተቀኛቸው አትቁም።